በአንድ ፊደል የተመረጠው ሲስተም

ሰዎቹ በግቢው በር ሲገቡ ጫማዬን እያሰርኩ ነበር። በመጀመሪያው ሚኒባስ ከእንጅባራ ወደ ባሕር ዳር ሆስፒታል ልሄድ ነው። የባለቤቴን የእንየውን ቅያሪ ልብስ፣ በፔርሙስ የያዝኩለትን አጥሚትና በላስቲክ የጠቀለልኳትን አንዲት የታተመች ወረቀት ቦርሳዬ ውስጥ ከትቻለሁ።

ከፊት የአጥቢያችን ሽማግሌ አቶ ምህረቴ ናቸው። ቀጥሎ ባለቤታቸው ማርታ፣ ከኋላ ደግሞ ጎረቤቴ እትዬ እታለማሁ። ሦስቱ አብረው ቤቴ መጥተው አያውቁም። ልቤ መንገዱ ላይ ስለነበር ይህን ልብ አላልኩም።

«መሄድሽ ነው?» አሉኝ አቶ ምህረቴ።

«አዎ፣ ሰው ሳይበዛ ልድረስ ብዬ።»

ጠረጴዛው ላይ ያለውን ኮምፒውተር አዩና «እንየው ሲደክምበት የነበረው ፊደል እንዴት ሆነ?» ብለው ጠየቁኝ።

ደስ አለኝ። በእነዚያ ሳምንታት ያገኘኝ ሁሉ ስለ ታመመው ጉበቱ ነበር የሚጠይቀኝ፤ ስለ ሥራው የጠየቀኝ አልነበረም። ቆሜ ነገርኳቸው። ትናንት መብራት እንደመጣ ማሽኑን እንዳበራሁ፣ ወንድሜ ናታን እንዳሳየኝ አድርጌ ማተሚያውን እንዳዘዝኩ፣ መጀመሪያ ወረቀቱን ጨምድዶ እንዳወጣው፣ በሁለተኛው ግን ፊደሉ ጥርት ብሎ እንደወጣ። ቦርሳዬን ከፍቼ ወረቀቷን አሳየኋቸው። አቶ ምህረቴ ተቀበሉ፣ ለማርታ ሰጡ፣ ማርታ ለእትዬ እታለማሁ ሰጠች። እትዬ እታለማሁ ማንበብ አይችሉም። ወረቀቷን ብዙ ጊዜ የያዟት ግን እርሳቸው ናቸው። አንዳቸውም አላቋረጡኝም።

ወረቀቷን ልቀበላቸው እጄን ስዘረጋ ነጠላቸውን አየሁት። ጥለቱ ወደ ላይ ዞሮ ትከሻቸው ላይ ነበር። የለቅሶ አለባበስ ነው።

«ቁጭ በይ ፀጋነሽ» አሉኝ አቶ ምህረቴ።

ተቀመጥኩ። ወንድሜ ናታን ከሆስፒታል የደወለው ለእኔ ሳይሆን ለእርሳቸው ነበር።

እንየው ማን እንደነበረ ለማያውቀው ሰው ይህን እጽፋለሁ። የተወለደው ከእንጅባራ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ነው። ያደገው በአውጚ ነው፤ እኛ አገውኛ የምንለውን እነርሱ አውጚ ይሉታል። ትምህርት ቤት ሲገባ ነው አማርኛን የተማረው። በኋላ መምህር ሆነና ለታችኛው ክፍል ልጆች በዚያው በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ማንበብና መጻፍ ያስተምር ነበር። በአጥቢያችን ደግሞ የመዘምራኑ ጸሐፊ ነበር። እኔ የዳንግላ ልጅ ነኝ። ቤታችን ከአማርኛ ሌላ አይነገርበትም ነበር፤ ከአውጚ የማውቀው ሰላምታና የገበያ ቃል ብቻ ነው። ሥራዬ የተማሪ ዩኒፎርም መስፋት ነው። በትዳራችን ሁሉ የተነጋገርነው በአማርኛ ነው፤ ሲቆጥርና ሲያመው ግን በአውጚ ነበር።

ድምፁን ከፍ አድርጎ አይናገርም። ሸሚዙን ራሱ ይተኩሳል። የእንጅባራ ብርድ ጣቶቹን ስለሚያደርቅበት ጫፋቸው የተቆረጠ የሱፍ ጓንት ሠርቼለት ነበር፤ ክፍል ውስጥም እንደዚያው ያስተምራል። ልጆቹ «ግማሽ ጓንት» ይሉታል። ሰምቶ አልተቆጣም። «ሙሉ ካደረግሁት ጠመኔው ያመልጠኛል» ነበር መልሱ።

የፊደሉ ነገር የጀመረው በአጥቢያችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ ነው። ከአዲስ ቅዳም አካባቢ የሚመጡ አቶ አዝመራው የሚባሉ አባት አሉ። ከተከሉት ዛፍ ከሰል እያከሰሉ የሚተዳደሩ ገበሬ ናቸው፤ በአውጚ መዝሙር ያወጣሉ። ማንበብ የተማሩት ከሸበቱ በኋላ ነው፤ ያስተማራቸውም እንየው ነው። መዝሙሮቻቸውን በአፋቸው እንጂ በወረቀት አልያዟቸውም። እንየው አንዱን ከአፋቸው በእጁ ጽፎ ለጉባኤው እንዲባዛ ለአጥቢያው ጽሕፈት ቤት ሰጠ።

አውጚ አማርኛ የሌላት አንዲት ፊደል አለችው። «ገ»ን ትመስላለች፤ ትንሽ ጭረት ተጨምሮባታል። ድምፅዋ በአፍንጫ ነው የሚወጣው። በአውጚ ቤት ማለት ጝን ነው፤ የሚጻፈውም በዚህችው ፊደል ነው። ጽሕፈት ቤት ያለችው ልጅ የምትጽፍበት ፕሮግራም ፊደሏን አያውቃትም ነበር። ልጅቷም ጭረቷን የእስክሪፕቶ መንሸራተት መሰላትና በቅንነት አረመችው። ጝን የነበረው ሁሉ «ግን» ሆነ።

በጉባኤው ዕለት ወረቀቱ ታደለ። አቶ አዝመራው መነጽራቸውን አድርገው በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። ከዚያ እንየውን ጠሩት። እኔ ከኋላቸው አግዳሚ ላይ ነበርኩ።

«መምህር፣ ይህ የማን መዝሙር ነው?»

«የእርስዎ ነው እንጂ፣ አባባ።»

«የእኔ በጌታ ቤት ልኑር ነው የሚለው። ይህ በጌታ ግን ልኑር ይላል። ግን ምን?»

አጠገባቸው የነበሩት መዘምራን ሳቁ። አንዷ «ግን ኪራዩን አልቻልኩም ነው የሚለው» አለች፤ ይሄኔ ሌሎቹም ሳቁ። አቶ አዝመራው አልሳቁም፤ አልተቆጡምም። ወረቀቱን በአራት አጥፈው አግዳሚው ላይ አስቀመጡት።

«ቤቱ ቤት ሆኖ እስኪጻፍ ድረስ ሌሎቹን አትጻፉብኝ» አሉ። «አንዲት ገጽ በደንብ ታትማ አምጣልኝ። ያን ጊዜ የቀሩትን እሰጥሃለሁ።»

እንየው ቤት ሲመጣ ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ ተቀመጠ። የጨነቀው መሳቃቸው አልነበረም። አቶ አዝመራው ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ መዝሙሮቹን ሁሉ የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም። ሳይሰጡት ቢያልፉ አብረዋቸው መሄዳቸው ነው። ያኔ ማን ቀድሞ እንደሚሄድ የጠረጠረ አልነበረም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤታችን «ግን» የሚለው ቃል ቀልድ ሆነ። ከትምህርት ቤት ሲደውልልኝ «ወደ ግን እየመጣሁ ነው» ይለኝ ነበር። እኔም «ግኑ ተጠርጓል፣ ጫማህን አራግፈህ ግባ» እለዋለሁ።

ኮምፒውተሩ የመጣው ከአጥቢያው ቢሮ ነው። አዲስ ሲገዛ አሮጌው ትርፍ ሆነና ጥግ ላይ ተቀመጠ። አቶ ምህረቴ «ከሚበሰብስ ቤትህ ውሰደው» አሉት። በባጃጅ አመጣው። ስክሪኑ ከኋላው ሆድ ያለው ዓይነት ነው፤ የጠረጴዛውን ግማሽ ያዘ። የኔ የስፌት መኪና በሌላው ግማሽ ተገፋች። ድመታችን ሳጥኑ እንደሚሞቅ ያወቀች ዕለት ላዩ ላይ ሰፈረች።

ውስጡ የነበረው ዊንዶውስ ከየፍላሹ በተሰበሰበ ቫይረስ ታምሶ ነበር። እንየው ናታንን ጠራው። ናታን ታናሽ ወንድሜ ነው፤ ዳንግላ ስልክና ኮምፒውተር የሚጠግንበት ሱቅ አለው። ሚኒባስ ይዞ መጣና ጉድጓድ የሚያይ ይመስል አንገቱን ሳጥኑ ውስጥ ከተተ።

«ይህ በሙዚየም ነው መቀመጥ ያለበት፣ ጋሼ።»

«ይጽፋል አይጽፍም?»

«ይጽፋል። ማሽኑን የሚያሠራውን ሲስተም መቀየር አለብን። ነፃ የሆኑ፣ ቫይረስ የማይደፍራቸው አሉ።» ሲዲዎቹን ጠረጴዛው ላይ እንደ ካርታ ደረደራቸው። «ዩኒክስ የሚባል የድሮ ሲስተም ነበረ። ፍሪ ቢኤስዲ የእሱ የሥጋ ልጅ ነው። ሊኑክስ ደግሞ መልኩ ቁርጥ እሱን፣ ግን ከእሱ ያልተወለደ። ኡቡንቱም ዴቢያንም ሊኑክስ ናቸው።»

«የማደጎ ልጅ ነዋ» አልኩት ከስፌት መኪናዬ ላይ ሆኜ።

«በቃ እንደዚያ በይው፣ እቴቴ።»

«የሥጋ ልጁና የማደጎው ይስማማሉ?» አለ እንየው።

«እነሱስ ይስማማሉ። የሚጣሉት ደጋፊዎቻቸው ናቸው።»

ናታን ራሱ የሥጋ ልጁ ደጋፊ ነበር። መጀመሪያ ፍሪ ቢኤስዲን ጫነ። ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ነጭ ጽሑፍ ይወርድበት ጀመር። ናታን እጁን አጣምሮ እንደሚወደው ሰው ያየው ነበር።

«ይህ አንዴ ከተነሣ ዓመት ሙሉ ሳይጠፋ ይሠራል።»

«መብራቱ ዓመት ሙሉ ካልጠፋ» አለ እንየው።

ቀጥሎ እንየው የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ጝንን በወረቀት ላይ በእጁ ጻፈና ለናታን አሳየው፤ «ይህን ጻፍልኝ» አለው። ናታን የመጻፊያው ፕሮግራምና የፊደሉ ፎንት ከኢንተርኔት እንደሚመጣ ነገረው። ሞደሙን ሰካ። ማውረጃው መስመር ትንሽ ሄዶ ይቆማል፤ ኔትወርኩ ይመጣል፣ ይሄዳል። ሞደሙን መስኮቱ ላይ አንጠለጠሉት። ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፋና ሁሉም ነገር ከመጀመሪያው ሆነ። የኔ መኪና በእግር ስለምትሠራ እየሰፋሁ አየኋቸው። ሁለቱም በጨለመ ስክሪን ፊት ተቀምጠው ነበር።

«ጋሼ፣ ኦፕሬቲንግ ሲስተም በአንድ ፊደል አይመረጥም» አለ ናታን። «ፍጥነት አለ፣ ጥንካሬ አለ፣ አሠራሩ አለ።»

«ጫማ ስትገዛ በምን ትመርጣለህ?»

«በብዙ ነገር።»

«እግርህ ካልገባበትስ?»

ናታን ፍሪ ቢኤስዲውን ለራሱ ሱቅ ይዞት ሄደ፤ እስከ ዛሬም እዚያ ይሠራል።

በሚቀጥለው ጊዜ ኡቡንቱን ሞከሩ። ይኼኛው ያምራል፤ ቀለሙ ሞቅ ያለ ነው። ፊደሏንም ያውቃታል። እንየው ጝንን ስክሪን ላይ ሲያይ ትከሻው ቀለለው። ችግሩ ማሽኑ ላይ ሆነ። የማሽኑ ሚሞሪ ትንሽ ስለነበረ እንየው አንድ ፊደል ተጭኖ እስኪታይ ድረስ እጁን አጣምሮ ይጠብቃል። በመካከሉ ተነሥቶ ሻይ ይቀዳል፤ ሲመለስ ፊደሉ መጥቶ ይጠብቀዋል።

«እሱ ፈጣን ነው፤ ያረጀችው ማሽኗ ናት» አለ ናታን በስልክ።

«አውቃለሁ። እኔም ዳገት ላይ እንደዚሁ ነኝ።»

ለጥቂት ሳምንት እንደዚያ እየጠበቀ ጻፈ። የመጀመሪያውን መዝሙር ፊደል በፊደል ጨርሶ ሊያስቀምጥ ሲል መብራት ጠፋ። ከጠፋው ስክሪን ፊት ትንሽ ተቀመጠና ድመቷን ከሳጥኑ ላይ አንሥቶ ጭኑ ላይ አደረጋት።

ዴቢያን የመጣው በመጨረሻ ነው። ናታን ባሕር ዳር ያለ ጓደኛውን ለምኖ በዲቪዲ ያስቀዳው ነው፤ ዲቪዲዎቹ በሚኒባስ ረዳት እጅ እንጅባራ ደረሱ። ጥቅሙን ናታን ሲያስረዳ ገባኝ። የሚያስፈልገው ፕሮግራም ሁሉ ዲቪዲዎቹ ውስጥ አለ። ኔትወርክ አይለምንም። ስንቁን ይዞ የመጣ እንግዳ ማለት ነው። ስክሪኑ ላይ ከሚታየው ገጽታም ለደካማ ማሽን የሚሆን ቀላል ዓይነት አለው።

መጫን ሲጀምር የቋንቋ ዝርዝር አወጣ። አማርኛ በራሱ ፊደል ተጽፎ ነበር። እንየው ዝርዝሩን እስከ ታች ወረደ፤ ተመልሶ ወጣ፤ እንደገና ወረደ።

«ምን ትፈልጋለህ?» አልኩት።

«አውጚ የለም።»

«ገና ነው፣ ጋሼ» አለ ናታን። «የሚጨምሩት እንዳንተ ያሉ ሰዎች ናቸው። ጻፍላቸው።»

«እኔ አሁን የምፈልገው አንዲት ገጽ ነው» አለና አማርኛ የሚለውን ተጫነ።

ሲጨርስ ናታን የመጻፊያውን አሠራር አሳየው። ለ«ገ» ትንሹን ጂ ነው የሚጫኑት፤ ለአውጚዋ ፊደል ትልቁን። እንየው ጓንቱን አወለቀ። ጻፈ። ፊደሏ ሳትዘገይ መጣች። ወደ ኋላ ተደገፈና ጠራኝ።

«ፀጋዬ፣ ነይና ቤታችንን እይው።»

መጥቼ አየሁት። ሁለት ፊደል ነው። ለእኔ በእጁ ሲጽፈው ካየሁት አይለይም። እርሱ ግን ሰው እንዳያነሣበት እንደሚፈራ ሁሉ ስክሪኑን በሁለት እጁ ያዘው። ናታን ከኋላ «በአንድ ፊደል መረጠው ብዬ ለማን ልናገር?» አለ። ማሽኑ ከዚያ ወዲያ ሌላ ሲስተም አልገባበትም።

ሕመሙ የተሰማው በዚያው ሰሞን ነው። መጀመሪያ ምግብ አልበላ አለው። ከዚያ ዓይኑ ቢጫ ሆነ። ከትምህርት ቤት መልስ ጋቢውን ለብሶ ኮምፒውተሩ ጋ ይቀመጣል፤ የጠፋውን መዝሙር እንደገና ጻፈ፤ ቀጥሎ ከድሮ ጀምሮ በወረቀት የነበሩትን ሌሎች የአውጚ መዝሙሮች ያስገባ ጀመር። ለአቶ አዝመራው የምትሄደው ገጽ ግን ከሁሉ ትቀድማለች፤ ልታተም ስትደርስ የአጥቢያው ማተሚያ ተበላሸና ቆየች። ማተሚያው ተጠግኖ ቤታችን የመጣ ሳምንት እርሱ ባሕር ዳር ሆስፒታል ተኛ።

እኔ አብሬው ነበርኩ። ናታንም ሱቁን ዘግቶ መጣ። አልጋው ላይ ሆኖ የጠየቀኝ ስለ ራሱ አልነበረም።

«ገጿ ታተመች?»

«ማን ያትማት? ሁላችንም እዚህ ነን።»

«ሂጂ። ቅያሪ ልብስም አምጪልኝ። ናታን ይቆያል።»

«ሲሻልህ አንተው ታትማለህ።»

«ስሕተት ካለባት እዚህ ሆኜ አርማታለሁ፤ ሥራ ፈትቻለሁ እኮ» አለና ፈገግ አለ።

ናታን በወረቀት ላይ የምጫነውን በቅደም ተከተል ሥሎ ሰጠኝ። ወደ እንጅባራ ተመለስኩ። ቤቱ ቀዝቅዞ ነበር፤ ድመቷ እትዬ እታለማሁ ጋ ሄዳለች። መብራቱን ጠብቄ፣ ማሽኑን አብርቼ፣ ገጿን አተምኩ። ያን ጠዋት ለሦስቱ ሰዎች የነገርኳቸው ይህንን ነው።

ቀብሩ እዚያው እንጅባራ ሆነ። ናታን ከባሕር ዳር ይዞት መጣ። የገጠር ዘመዶቹ በእግርም በመኪናም መጡ፤ የሚያስተምራቸው ልጆችም ተሰልፈው መጡ። በመቃብሩ ላይ የአቶ አዝመራውን መዝሙር በአውጚ ዘመሩ። የሚያውቁት በቃላቸው አሉት፤ የማናውቀው በዜማው ብቻ ተከተልን። ከመዝሙሩ የለየሁት አንድ ቃል ነው።

አቶ አዝመራው ከቀብር በኋላ ወደ ቤታቸው አልተመለሱም። ድንኳኑ እስኪፈርስ ድረስ ቆዩ። ብዙ አይናገሩም፤ ሰው ሲገባ ይነሣሉ፣ ይቀመጣሉ። ሰው ቀለል ባለበት ሰዓት ወረቀቷን ከላስቲኳ አውጥቼ ይዤላቸው ሄድኩ።

«ይህችን ለእርስዎ ነበር ያዘጋጃት።»

መነጽራቸውን ፈለጉ። ኪሳቸው ውስጥ አልነበረም፤ የናታንን ጓደኛ መነጽር አስሞከርናቸው፣ አልሆነም፤ ከኮታቸው ሥር ተገኘ። ጣታቸውን ከመጀመሪያው መስመር ላይ አደረጉ። ናታን አጠገባቸው ጎንበስ አለ። እኔ የማየው ጣታቸውን ነበር። ቆመ፤ አለፈ፤ እንደገና ቆመ።

«ቤቱ ቤት ሆኗል» አሉ።

ናታን ተነፈሰ።

«ሌላው ግን ተበላሽቷል።» ጣታቸው ወደ ታች ወረደ። «ይህ ገ ነው መሆን ያለበት። ይህም። እዚህም የእኛይቱ ፊደል አትገባም፤ የምትገባው ተራዋ ገ ናት። መምህር እንዲህ አይሳሳትም።»

ናታን ወረቀቷን ተቀብሎ ብዙ ጊዜ አየ። ከዚያ ጋቢውን ወደ ፊቱ ሳበ።

«እኔ ነኝ» አለ። «ጋሼ ደክሞት ነበር። መጀመሪያ ሁሉንም በገ ነው የጻፈው፤ ትልቁን ጂ ሁለት ጣት ስለሚፈልግ። ኋላ አንድ በአንድ ከሚቀይር ብዬ በአንዴ የሚቀይረውን አሳየሁት። ገ የነበረው ሁሉ አንድ ላይ ተቀየረ። መቀየር የሌለበትም ጭምር። እኔ አውጚ አላውቅም፤ እሱ ደግሞ የቤቱን ቃል ብቻ አይቶ ደስ ብሎት ዘጋው።»

አቶ አዝመራው እጃቸውን ናታን ጉልበት ላይ አደረጉ።

«የሚስተካከል ነው?»

«ለመስተካከሉ ይስተካከላል፣ አባባ። የትኛው የትኛው እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አጠገቤ ካለ።»

«እኔ አውቃለሁ። ማሽኑን ግን አላውቅም።»

«እኔ ማሽኑን አውቃለሁ።»

«እንግዲህ ሁለት ግማሽ ሰው ሆንን» አሉ አቶ አዝመራው። ከለቅሶው ወዲህ ድንኳኑ ውስጥ ሰው ፈገግ ሲል ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ቀጥለው ወደ እኔ ዞሩ። «የቀሩትን መዝሙሮች አልነፍግም። አንቺ ትጽፊያለሽ?»

አማርኛ መጻፍ እችላለሁ አልኳቸው። ጆሮዬ ግን «ገ»ንና የእናንተይቱን አይለይም አልኳቸው። እንየው ብዙ ጊዜ እያለልኝ ሞክሬው ነበር፤ ሁለቱም አንድ ይሆኑብኝ ነበር፤ እርሱም ይስቅብኝ ነበር።

«ጆሮ ይለምዳል» አሉ። ወረቀቷን አጥፈው ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ። ከዚህ በፊት ያየኋቸው ወረቀት አጥፈው አግዳሚ ላይ ሲተዉ ነበር፤ ይህችን ይዘው ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ ክረምቱ ገባ። ከአዲስ ቅዳም መንገዱ ጭቃ ስለሆነ አቶ አዝመራው ጥቅምት ላይ ከሰላቸውን ይዘው ሲመጡ ቤቴ እንደሚገቡ መልእክት ላኩብኝ። ጥቅምት መጣ፤ ጉልበታቸውን አሟቸው ልጃቸው ብቻ መጣ። ናታን ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል። አብርቶ አቧራውን ያራግፋል፤ «አዲሱ ዴቢያን ወጥቷል፣ ልጫንበት?» ይለኛል። አሁን አትንካው እለዋለሁ። በእንየው ቦታ የመጣችው መምህርት ልክየለሽ አውጚ ትጽፋለች፤ በእጇ ጥሩ ትጽፋለች። መጥታ ልታይልኝ ቃል ገብታለች፤ የፈተና ወቅት ሆኖባታል።

እኔ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። ኮምፒውተሩ ከጠረጴዛው ግማሽ አልተነሣም፤ ከተረፈኝ ሰማያዊ ጨርቅ ልብስ ሰፍቼ አልብሼዋለሁ። አንዳንድ ቀን ገልጬ አበራውና የገጿን ፋይል እከፍታለሁ። በመካከሉ ካሉት ባለ ጭረት ፊደሎች የትኞቹ ልክ፣ የትኞቹ ስሕተት እንደሆኑ ለይቼ አላውቅም። ስለዚህ ምንም ሳልነካ እዘጋዋለሁ።

ገጿ እስካሁን አልታረመችም። የቀሩት የአቶ አዝመራው መዝሙሮች አንዱም አልተጻፈም።